ፓምፗ አልታመመችም፤ አገሩ ነው የተቀየረባት

አጎቴ ባለፈው በጋ ሸዋሮቢት ወርዶ አንዲት ያገለገለች የውሃ ፓምፕ ገዛ። ሻጩ ሽንኩርት ያጠጣባት የነበረ ገበሬ ነው። አጎቴ ደግሞ በዋዛ የሚታለል ሰው አይደለም። ወንዙ ዳር ቆሞ ስትሠራ አያት። ከውሃው ወለል እስከ ፓምፗ ያለውን ከፍታ በክንዱ ለካ። ዘጠኝ ክንድ። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው ማሳው ላይ ሲተክላትም ያችኑ ዘጠኝ ክንድ ጠበቀ።

ሞተሯ በአንድ ጉተታ ተነሣች። ውሃው ግን መጣሁ ቀረሁ እያለ ተንጠባጠበ። ሆዷ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ትንኮሻኮሻለች። መካኒክ ተጠራ። ሁለት ጊዜ ፈታት፣ ሁለት ጊዜ ገጠማት፣ ሁለት ጊዜ አስከፈለ። ለውጥ የለም። አጎቴ ሸዋሮቢት ያለውን ሰውዬ መራገም ጀመረ። እኔ ለበዓል ስሄድ የደረስኩት እርግማኑ መሀል ላይ ነው።

ነገሩ የአጎቴ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። የበጋ መስኖ ስንዴ ከመጣ ወዲህ ፓምፕ በየወንዙ ዳር ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይዞራል። የቦይ ንድፉም፣ የመጥለፊያ ንድፉም፣ የጠብታ መስኖ ቱቦውም እንደዚሁ። «እዚያ ሠርቷል፣ እዚህም ይሠራል» እየተባለ። ሰሜን ሸዋ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ኩረጃ የማይመች አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። በመኪና መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያች መንገድ ጋቢ አውልቀህ፣ ሹራብ አውልቀህ፣ መጨረሻ ላይ መስኮት ትከፍታለህ። ውሃውና አየሩም በበኩላቸው ጠባይ ቀይረዋል።

እኔ ምህንድስና ስማር ፍሉይድ ሜካኒክስ የሚባል ኮርስ አሠቃይቶኛል። ሬይኖልድስ ቁጥር፣ ፍሩድ ቁጥር፣ ማክ ቁጥር እየተባለ የሰው ስም የተለጠፈበት ቁጥር ይዥጎደጎዳል። አሃድ የለሽ ቁጥሮች ይባላሉ። ሜትር የላቸውም፣ ኪሎ የላቸውም፣ ሰከንድ የላቸውም። ያኔ ለፈተና ሸምድጄ አለፍኳቸው። የገቡኝ አጎቴ ማሳ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቡን ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። «አንድ እጅ ዱቄት፣ ሁለት እጅ ውሃ» ይላሉ። በጣሳ ስፈሪው፣ በኩባያ ስፈሪው፣ ሊጡ ያው ነው። ጣሳው ጠፋ ተብሎ እንጀራ አይቀርም። «ሁለት እጅ» አሃድ የለውም፤ ንጽጽር ነው። የፈሳሽ ሊቃውንትም የሠሩት ይኸንኑ ነው። ሁለት ነገሮችን ወስደው አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በክንድ ለካኸው በሜትር፣ መልሱ አይለወጥም።

ወደ ፓምፗ እንመለስ። ብዙ ሰው ፓምፕ ውሃ የሚስብ ይመስለዋል። አይስብም። ፓምፗ የምታደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው፤ ወንዙ ላይ ተጭኖ። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ ቢበዛ 10.3 ሜትር ውሃ ማቆም ይችላል። ሸዋሮቢት ላይ 8.9 ሜትር ያህል። ደብረ ብርሃን ላይ 7.3 ሜትር። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱም ያንሳል። ደብረ ብርሃን ባቄላ ቶሎ አይበስልም የሚባለውም ከዚሁ ነው። ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ድስቱ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

መፍላት ካነሣን አይቀር፣ የፓምፗም ሕመም መፍላት ነው። ግፊት በጣም ሲወርድ ውሃ ሳይሞቅ ይፈላል። ፓምፗ ሆድ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲሻገር በኃይል ይጨፈለቃል። አጎቴ የሰማው የጠጠር ድምፅ እሱ ነው። ካቪቴሽን ይባላል። ድምፁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቆይቶ ብረቱን ምስጥ እንደበላው እንጨት ይቦረቡረዋል።

ለዚህ የሚያገለግለው ቁጥር በጀርመናዊው መሐንዲስ በዲተር ቶማ ስም ይጠራል። አየሩ ከሚሰጠው ጉልበት ላይ ፓምፗ የተቀመጠችበትን ከፍታ ትቀንሳለህ። በቱቦው ፍትጊያ የሚጠፋውንና ውሃው እንዳይፈላ የሚያስፈልገውንም ትቀንሳለህ። የተረፈውን ፓምፗ ውሃውን በጠቅላላ ለምታነሣው ከፍታ ታካፍላለህ። ሜትር ለሜትር ሲካፈል ሜትሩ ይጠፋል፤ ባዶ ቁጥር ይቀራል።

እንሞክረው። ዘጠኝ ክንድን 4.5 ሜትር እንበል። ፍትጊያው ግማሽ ሜትር ይብላ። ውሃው እንዳይፈላ የሚያስፈልገው ደግሞ ሸዋሮቢት ሙቀት ላይ 0.4 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ 0.2 ሜትር ይሁን። ፓምፗ በጠቅላላ 20 ሜትር ታንሣ። ሸዋሮቢት ላይ የሚተርፈው 3.5 ሜትር ነው፤ ለ20 ሲካፈል 0.18። ደብረ ብርሃን ላይ የሚተርፈው 2.1 ሜትር ብቻ ነው፤ ለ20 ሲካፈል 0.11። ፓምፗ በጤና ለመሥራት 0.15 የምትፈልግ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቆላ ላይ ትዘፍናለች፤ ደጋ ላይ ጠጠር ትፈጫለች። ሻጩ አልዋሸም። መካኒኩም ምንም ቢፈታ የሚያገኘው ብልሽት የለም። (ገንዘቡን ግን ሁለት ጊዜ መቀበሉ አሁንም ያናድደኛል።) አጎቴ የገለበጠው ክንዱን ነው። መገልበጥ የነበረበት 0.18ን ነበር።

ሞተሯም ብትሆን ደጋ ላይ የምትተነፍሰው አየር ስስ ነው። ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጣ ከጉልበቷ 15 በመቶ ያህል ታጣለች። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ዝነኛው የሬይኖልድስ ነው። ቡና ሲፈላ የእጣኑን ጭስ ልብ ብላችሁ እዩት፤ በሩ ተዘግቶ፣ አየሩ ጸጥ ሲል። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ሁለት ስንዝር ከሄደ በኋላ ድንገት ይጠማዘዛል፣ ይበተናል። ማንም አልነካውም። ጭሱ እየወጣ ሲሄድ ይፈጥናል፣ ይሰፋል። ፍጥነቱና ስፋቱ አየሩን አንድ ላይ ከሚይዘው መጣበቅ ሲበልጡ ሥርዓቱ ይፈርሳል።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ ይህን ያሳየው በውሃ ነው። ማንቸስተር ከተማ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ባሳተመው ሥራ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ መሀሉ ላይ ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል ክሩ አይበጠስም። ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ተናውጦ ቱቦውን ሁሉ ያቀልመዋል። ቱቦውን አሰፋ፣ አጠበበ፣ ውሃውን አሞቀ። ወሳኙ ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ ስፋቱም ብቻ አልነበረም። ፍጥነት በስፋት ተባዝቶ፣ ለፈሳሹ ዝልግልግነት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ለተራ ቱቦ ቁጥሩ ከ2,000 በታች ከሆነ ፍሰቱ ሰከን ያለ ነው። ከ4,000 በላይ ከሆነ የተናወጠ። መሀል ላይ እንደ ዕድሉ። የሬይኖልድስ ዕቃ ዛሬም ማንቸስተር አለ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ሙከራው ሲደገም ውሃው ከያኔው ቀድሞ እየተናወጠ አስቸገረ። ምክንያቱ መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ንዝረት ነበር። ይቺን ታሪክ እወዳታለሁ።

ቤታችሁ ያለው ባለ ግማሽ ኢንች ቱቦ ውስጥ ውሃ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ ቁጥሩ 15,000 ገደማ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ የተናወጠ ነው ማለት ይቻላል። ማር ሲንቆረቆር ግን ከአንድም ያነሰ ነው። ለዚህ ነው ማር የማይንቦጫረቀው።

ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ጠብታ መስኖ ላይ ይጠቅመዋል። አንዳንዱ ጠብታ ማውጫ ረጅም ቀጭን ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ፍሰት ሰከን ያለ ነው። ሰከን ያለ ፍሰት ደግሞ ለዝልግልግነት ይገዛል፤ ዝልግልግነት ለሙቀት። 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በዚያ ቱቦ ሲወርድ 10 ዲግሪ ከቀዘቀዘው 60 በመቶ ያህል በልጦ ይፈስሳል። አንድ ዓይነት ቱቦ፣ አንድ ዓይነት ግፊት። ሸዋሮቢት ቀትር ላይ የተለካ «በሰዓት ይህን ያህል ሊትር» ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ አይሠራም። ሌላው ዓይነት ማውጫ ውስጡ ጠመዝማዛ መንገድ አለው። እሱ ሆን ብሎ ውሃውን ስለሚያናውጠው ሙቀት ብዙም አይነካውም። ደጋ ላይ የምትገዙ ከሆነ የቱን እንደምትይዙ ግልጽ ይመስለኛል።

አሁን ጣርማበርን እንሻገር። ይቺ ተራራ ውሃ ታካፍላለች። በምዕራብ በኩል የወረደው ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ሜዳ ላይ ዘና ብሎ የሚሄድ ወንዝ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ግን ገደል ለገደል ነው። ክረምት ላይ ከላይ ዝናብ ጥሎ፣ ታች ፀሐይ እያለ፣ ደራሽ ይመጣል።

እዚህ ላይ ፍሩድ ይመጣል። ዊልያም ፍሩድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። መርከብን በትንሹ ሠርቶ፣ ገንዳ ላይ እየጎተተ ያጠና ነበር። የእሱ ቁጥር የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ውሃው በራሱ ላይ ከሚሄደው ሞገድ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። ጅረት ላይ ጠጠር ጣሉ። ክቡ ሞገድ ወደ ላይም፣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ከሄደ ቁጥሩ ከአንድ ያንሳል። ሞገዱ በሙሉ ወደ ታች ከተጠረገ ከአንድ ይበልጣል። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ሞገድ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሜዳ ላይ ወንዙ በሰከንድ 1 ሜትር ከሄደ ቁጥሩ ግማሽ ነው። ቁልቁለት ላይ 5 ሜትር ከሄደ 2.5 ነው። ጥልቀቱ ያው 40 ሴንቲ። ውሃው ግን ሌላ አውሬ ነው። የመጀመሪያው እያሳሳቀ የሚወስደው ነው፤ ሁለተኛው መሳቅም ጊዜ አይሰጥ።

የበረረው ውሃ ሰከን ያለ ውሃ ሲያጋጥመው ይዘልላል። ነጭ አረፋ ሆኖ ይነሣል፣ ይገለባበጣል። የውሃ ዝላይ ነው። ምን ያህል ይዘልላል? መልሱ በፍሩድ ቁጥር ብቻ ይታወቃል። 2.5 ከሆነ ጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ 40 ሴንቲው ድንገት 1 ሜትር ከ20 ይደርሳል። ቁጥሩ 4 ከሆነ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። የወንዝ መጥለፊያ ሲሠራ ይህ ዝላይ የሚያርፍበት የኮንክሪት ወለል ይነጠፋል። ዝላዩ ወለሉ ላይ ካረፈ ጉልበቱ እዚያው ይበርዳል። ወለሉን አልፎ ካረፈ መሬቱን ይቆፍራል፣ መሠረቱን ያንጠለጥለዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የተሠራ መጥለፊያ «ያማረ ነው» ተብሎ ተዳፋት ላይ ሲገለበጥ፣ የተገለበጠው ሜትር እንጂ ፍሩድ አይደለም። ከጥቂት ክረምት በኋላ ኮንክሪቱ ደህና ሆኖ ሥሩ ባዶ ሲሆን ሲሚንቶ ተሰርቋል ይባላል። ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። ግን ሁልጊዜ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም።

ከገደሉ ሥር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። አልበርት ሺልድስ የሚባል አሜሪካዊ በ1936 በርሊን ላይ የዶክትሬት ሥራውን በዚህ ላይ ጻፈ። የውሃውን ግፊያ ከድንጋዩ ክብደት ጋር አነጻጸረ። ቁጥሩ 0.05 አካባቢ ሲደርስ ድንጋዩ ከተኛበት ይነሣል። ከዚህ የሚወጣው ስሌት በጣም ቀላል ነው። የውሃውን ጥልቀት በቁልቁለቱ አባዙ፤ ለ0.08 አካፍሉ። ውሃው የሚያንከባልለው የድንጋይ መጠን በግምት ይኸው ነው።

ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ሜዳ ላይ ወንዙ በ1,000 ሜትር 2 ሜትር ቢወርድ፣ የሚያነሣው 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ነው። ከእንቁላል ያነሰ። ከገደሉ ሥር በ100 ሜትር 2 ሜትር ቢወርድ 25 ሴንቲ ይሆናል። ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ ማለት ነው። ያው አንድ ሜትር ውሃ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ወንዝ ውስጥ ግን ጉልቻው መለዋወጥ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ወንዝ ዳር የተደረደረ ድንጋይ ዓመታት ሲያስቆጥር፣ ሸዋሮቢት ባለው ሮቢ ወንዝ ዳር ያንኑ ዓይነት መደርደር ጎርፉን መመገብ ነው። ጋቢዮን የሚባለው በሽቦ የታሰረ ድንጋይም ቢሆን ሽቦው እስኪበጠስ ነው። በሽቦው ላይ የሚንከባለለው ጉልቻ ደግሞ ሽቦውን ይበጥሰዋል። እርግጥ ወንዝ ውስጥ ድንጋዩ ድብልቅ ስለሆነ ስሌቱ ቁርጥ ያለ አይደለም። ግን አሥር እጥፍ ልዩነት ግምት ሲሳሳት የሚጠፋ ልዩነት አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የእኔ ሐሳብ በትንሹ ሠርቶ ማየት ነው። የፍሩድ ትልቁ ትሩፋት ይህ ነው። መጥለፊያውን 25 ጊዜ አሳንሳችሁ ግቢ ውስጥ ሥሩት። የሁለቱ የፍሩድ ቁጥር እኩል ከሆነ ትንሹ ላይ የምታዩት ዝላይ ትልቁ ላይ የሚሆነው ነው። ፍጥነቱ 5 ጊዜ ያንሳል። የውሃው መጠን ደግሞ 3,125 ጊዜ ያንሳል። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ የሚወርድ ጎርፍን ለማየት በሰከንድ 32 ሊትር ይበቃል። ሁለት ሦስት ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ያመጣዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ለመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም።

አንድ ችግር አለ፤ መደበቅ የለበትም። የፍሩድን ቁጥር ስታስተካክሉ የሬይኖልድስ ይበላሻል። በ25 ጊዜ ባነሰው ሞዴል ላይ ሁለቱንም ማስተካከል የሚቻለው ከውሃ 125 እጥፍ የቀጠነ ፈሳሽ ቢገኝ ነው። የለም። ስለዚህ መሐንዲሱ ይመርጣል። ስበት የሚገዛው ነገር ከሆነ ፍሩድን ይይዛል፤ ሞዴሉ ውስጥ ያለው ውሃ ቢያንስ የተናወጠ መሆኑን ያረጋግጥና ሬይኖልድስን ይተወዋል። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ምርጫ ላይ ነው። የትኛው ቁጥር ነው እዚህ ቦታ ላይ ገዥው? ቀመሩ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ምርጫውን ግን ወንዙን ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

ሌላው ጥቅም ገንዘብ ነው። አንድ ነገር በአራት ምክንያት ይለዋወጣል እንበል። እያንዳንዱን በአሥር በአሥር መጠን ለመሞከር 10,000 ሙከራ ያስፈልጋል። አራቱ ተጣምረው አንድ አሃድ የለሽ ቁጥር ከሆኑ አሥር ሙከራ ይበቃል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድጋር በኪንግሃም ይህን በ1914 በደንብ አድርጎ ጻፈው። ለሀብታም አገር ይህ ምቾት ነው። ለእኛ ሌላ አማራጭ ያለም አይመስለኝ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየ። «እና ልጄ፣ ቁጥሩ ስንት ክንድ ነው?» አለኝ። ስድስት አልኩት። ስድስት ክንድ፣ 3 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 0.18 ይሰጣል። ሸዋሮቢት ላይ ዘጠኝ ክንድ የሰጠውን ያንኑ። በማግሥቱ ከወንዙ ዳር ሦስት ክንድ ቆፍሮ ደልዳላ ቦታ አበጀላት። ፓምፗ ተነሣች። ጠጠር የለም። ውሃው ቱቦውን ሞልቶ መጣ።

አዲሱ ችግር ቦታዋ ለደራሽ ውሃ ቅርብ መሆኑ ነው። ደመና ባየ ቁጥር በአህያ ጭኖ ያወጣታል። ባለፈው ስደውልለት አንድ የጣርማበር ሰው ፓምፕ ገዝቶ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። «ስንት ክንድ ላይ ተከልካት?» ብሎታል።

«አንተ መጀመሪያ ማሳህን አሳየኝ» አለው አጎቴ።